መሬቱ ስንት ሰው ይችላል?



ስለ ሕዝብ ብዛት በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ይህች አገር ስንት ሰው ትችላለች? ከዚያ በኋላ ክርክሩ የለመደውን መንገድ ይይዛል። አንዱ ወገን የወንዞቻችንን ብዛትና ገና ያልታረሰውን ቆላ ጠቅሶ መሬቱ ገና ብዙ ይችላል ይላል። ሌላው የተራቆተውን ተራራና የቀጨጨውን ሕፃን አሳይቶ መሬቱ ከሞላ ቆይቷል ይላል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩበት ጥያቄ ራሱ ሩቅ እንደማያስኬድ ነው። የሕዝብ ዕድገት ጤናን፣ ምግብንና አካባቢን ሲነካ የሚገባበት በር የአገር ድምር አይደለም፤ የቤተሰብ ጓዳ ነው። ለወንድማማቾች በሚከፈል ማሳ፣ አንዲት እናት ከአንዱ እርግዝና እስከ ሌላው በምታገኘው ዕረፍት፣ ጠባቂ በሌለው ውኃና ጫካ በኩል ነው የሚገባው። በነዚህ ቦታዎች ሁሉ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው ፍጥነቱ ነው።

ብዛት ብቻውን ረሃብን እንደማይጠራ የራሳችን ታሪክ ምስክር ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አራት ዓመት ያህል የዘለቀው ክፉ ቀን የደረሰው የአገሪቱ ሕዝብ ከዛሬው ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት በነበረበት ዘመን ነው። ጣሊያኖች በምጽዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ፈጀው፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከተለ። መሬት ሞልቶ ተርፎ ነበር፤ የታጣው የሚያርሰው በሬ ነው። የ1966ቱን የወሎ ረሃብ የመረመረው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ብዙ አልወደቀም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደሚገመተው አልናረም። የወሎ ገበሬ ማሳው ሲከዳው ከሌላ ቦታ የመጣ እህል የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ የሞተውም በዚህ ነው። በተቃራኒው በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የዕለት ደራሽ እርዳታ ፈልጎ ነበር። የአገሪቱ ሕዝብ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከነበረው ከእጥፍ በልጦ ሳለ እንደዚያኛው ያለ እልቂት አልደረሰም፤ ምክንያቱም መንገድ፣ የእህል ክምችት፣ ከ1997 ጀምሮ የተዘረጋው የሴፍቲኔት ፕሮግራምና የጤና ኬላ ነበሩ። እንግሊዛዊው ቶማስ ማልተስ እ.ኤ.አ. በ1798 ሕዝብ ከምግብ ቀድሞ ይሮጣልና ረሃብ አይቀሬ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ፣ ትንቢቱን እንደ ሕግ ለሚጠቅሱ ሰዎች ይህ ሁሉ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? የቆጠራ ቁጥሮቻችንን በተርታ እንያቸው። በ1976 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ፣ ከፊሉ በግምት የተሞላ ቢሆንም፣ በዛሬዋ ኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ 40 ሚሊዮን ያህል ሰው መኖሩን አሳየ። በ1987 ቁጥሩ 53 ሚሊዮን ተኩል፣ በ1999 ደግሞ 74 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። የተባበሩት መንግሥታት የቅርብ ግምት ከ130 ሚሊዮን በላይ ነው። አንድ ሰው ጎልማሳ በሚሆንበት ዕድሜ ውስጥ የአገሩ ሕዝብ ከሦስት እጥፍ በለጠ ማለት ነው። በዓመት ከመቶ ሁለት ተኩል በላይ የሚያድግ ሕዝብ በሃያ ሰባት ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወረዳ ዛሬ ያለውን የትምህርትና የሕክምና ደረጃ ምንም ሳያሻሽል ብቻ ይዞ ለመቆየት፣ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ የመማሪያ ክፍሎቹን፣ አዋላጆቹንና የውኃ ጉድጓዶቹን እጥፍ ማድረግ አለበት። ለማሻሻል ከፈለገ ከዚያ በላይ። አገር እንዲህ ሊሮጥ አይችልም ማለቴ አይደለም፤ እኛም ሮጠናል፤ ግን የተገነባው ነገር ሁሉ ለዕድገት ሳይሆን ባሉበት ለመቆም እየዋለ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

አሁን ከአገር ወደ ማሳ እንውረድ። በየካቲት 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለአንድ ገበሬ የፈቀደው ጣሪያ 10 ሄክታር ነበር። ያን ጣሪያ ዛሬ ለደጋ ገበሬ ብትነግሩት ቀልድ ይመስለዋል፤ የአንድ አባወራ አማካይ ይዞታ ከአንድ ሄክታር እምብዛም አይበልጥም፤ በወላይታ፣ በሲዳማና በጌዴኦ ግማሽ ሄክታርም ያልሞላ ይዞታ የተለመደ ነው። መሬት አይሸጥም፤ በውርስና በስጦታ ብቻ ይተላለፋል። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ አንድ ወጣት መሬት የሚያገኘው ከወላጁ ይዞታ ላይ ቆርሶ ነው። አራት ልጆች ካሉ ሩብ ሩብ ሄክታር ይደርሳቸዋል፤ ሩብ ሄክታር ደግሞ አንድ ጥንድ በሬ አይቀልብም፤ በሬ የሌለው መሬቱን ለሲሶ ወይም ለእኩል ይሰጣል፤ እኩል የሰጠ ግማሹን ምርት ያጣል። የአገሪቱ የእህል ምርት በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ይህ ቤተሰብ ከዕድገቱ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው።

የማሳው መጥበብ ከጤና ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለማየት የሊቦ ከምከምን ነገር ማንሳት ይበቃል። መሬት ያላገኙ የደጋ ወጣቶች በክረምትና በመኸር ወራት ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርደው በሰሊጥና በማሽላ እርሻ በቀን ሥራ ይሰማራሉ። እዚያ ወባ ብቻ ሳይሆን በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም ይጠብቃቸዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህ በሽታ ከዚያ በፊት ታይቶበት በማይታወቅ ደጋማ ሥፍራ፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ ባሉት በሊቦ ከምከምና በፎገራ ተነሣ። መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ተብሎ ብዙ ሰው ሞተ፤ በ1997 ካላዛር መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ከቆላ የተመለሱ የጉልበት ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ገመቱ። ሐኪም ቤት የሚደርሰው በሽተኛ ስለ ሕዝብ ብዛት አንዲት ቃል አይናገርም፤ የበሽታው መንገድ ግን ከተከፋፈለ ማሳ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይነሣል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሄክታር 12 ኩንታል ገደማ የነበረው አማካይ የእህል ምርት ከሃያ ዓመት በኋላ ከ25 ኩንታል አልፏል፤ በቆሎማ 40 ኩንታል ደርሷል፤ የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ከሕዝቡ በላይ ፈጥኖ አድጓል። ታዲያ ሥጋቱ ምንድን ነው? ይባላል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የገበሬውንም የልማት ሠራተኛውንም ልፋት የሚያስመሰግን ነው። ምርቱ ግን በምን ዋጋ እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። በደጋው ሕዝብ ሲበዛ መጀመሪያ የሚታረሰው የወል ግጦሹና ቁጥቋጦው ነው። ቁጥቋጦው ሲያልቅ ማገዶ ይጠፋል፤ ማገዶ ሲጠፋ እናቶች ኩበት ያነዳሉ፤ ገለባውና የማሽላው አገዳም ለከብትና ለምድጃ ይውላል። ለማሳው ይመለስ የነበረው ፍግ በእሳት ሲያልቅ አፈሩ ለምነቱን ያጣል። ጉልበቱን ያጣ አፈር ደግሞ ያለ ዳፕና ያለ ዩሪያ አያበቅልም፤ ይህ ማዳበሪያ በሙሉ ከውጭ የሚገዛ ነው። ስለዚህ በዓለም ገበያ ዋጋው በናረ ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደሆነው፣ ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ ቀድሞ ይመታል። በዚህ ላይ ዳገቱ ሁሉ ሲታረስ የሚሄደውን አፈር ጨምሩበት። የስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ስሌት ከደጋው የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ምርቱ ያደገው በተበደርነው አፈር ላይ ነው፤ ብድሩ የሚከፈልበት ቀን ደግሞ በምርት ሪፖርት ውስጥ አይጻፍም።

ይሁን እንጂ ሰው በበዛ ቁጥር አካባቢው ይጠፋል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የአገሪቱ መሬት ደን ነበር የሚለው በየመድረኩ የሚደጋገም አኃዝ ራሱ በቂ ማስረጃ የለውም፤ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ተቃውመውታል። ቤልጂጋዊው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ያነሣቸውን የትግራይ ፎቶግራፎች ይዘው፣ እነዚያኑ ቦታዎች ከ140 ዓመት በኋላ እንደገና አነሡ። ሕዝቡ በብዙ እጥፍ ጨምሮ ሳለ፣ ከትግራዩ ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ተራራው ከቀድሞው የበለጠ ዛፍ ነበረበት። እርከን ተሠርቷል፤ የተጎዱ ተረተሮች ከከብት ንክኪ ተከልለዋል። በኬንያ በማቻኮስ አውራጃም እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1990 ሕዝቡ ከአምስት እጥፍ በላይ ሲያድግ የአፈር መሸርሸሩ ቀንሷል። የጌዴኦ ገበሬ እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን በአንድ ማሳ ደራርቦ በአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ካለ ሕዝብ ጋር ለምለም መሬት ይዞ ኖሯል። አዲስ አበባ ራሷም ማገዶ አልቆባት መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ ያዳናት በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዴንማርካዊቷ ኤስተር ቦስሩፕ እ.ኤ.አ. በ1965 የሕዝብ ጫና ሰውን ብልኃት ያስፈጥረዋል ስትል በእንዲህ ያለ ማስረጃ ላይ ቆማ ነበር።

ነገር ግን የሐሮማያን ሐይቅ ከጌዴኦ ማሳ አጠገብ አስቀምጡት። የሐረር፣ የአወዳይና የሐሮማያ ከተሞች ከሐይቁ ይጠጡ ነበር፤ የጫት ገበሬውም በሞተር እየሳበ ያጠጣ ነበር፤ ከዙሪያው ኮረብታ የሚመጣው ደለል ወለሉን ይሞላ ነበር። ለከተማው ቧንቧ ውኃ ነበር፣ ለገበሬው የጫት ዋጋ ነበር፤ ሐይቁን የእኔ ብሎ የሚያዝዝበት ግን አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ፤ ሐረርም ውኃዋን ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ማስመጣት ግድ ሆነባት። ከብዙ ዓመታት በኋላ ውኃው መመለስ መጀመሩ ደስ ያሰኛል፤ የጠፋው ዘመን ግን ለዚያ አካባቢ ሕዝብ ቀላል አልነበረም። በእኔ ግምት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ሰው የልፋቱን ፍሬ ራሱ እንደሚበላ ባወቀበት መሬት ላይ ጫናው እርከን ያሠራዋል፤ ደንብ በሌለው የጋራ ሀብት ላይ ግን ጫናው ሽሚያ ይሆናል። እርከንም ሆነ የውኃ ደንብ ጊዜ ይፈልጋል። የጌዴኦ ሥርዓት በትውልዶች የተገነባ ነው። የሕዝቡ ፍጥነት ያን ጊዜ ሲነጥቅ ቦስሩፕ ልክ ሆና ሳለ እኛ ልንከስር እንችላለን።

ወደ እናትየዋ እንምጣ፤ ከሁሉም ይልቅ ማስረጃው የጠራው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና ከማርገዟ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት እንድትቆይ ይመክራል። ከዚያ ሲያንስ ሰውነቷ ብረትና ሌላውን ንጥረ ነገር ሳይተካ ይቀራል፤ ታላቁ ልጅ ጡት ቀድሞ ይተዋል፤ ታናሹ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል። መቀንጨር የምንለው ነገር አንዱ ሥሩ ይህ ነው። በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 58ቱ ቀንጭረው ነበር፤ በ2011 ወደ 37 ወርዷል። በነዚያው ዓመታት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ1,000 ልጆች ከ166 ወደ 55 ዝቅ ብለዋል። በዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ባለትዳር ሴቶች ደግሞ በ1992 ከመቶ 6 ነበሩ፤ በ2011 ከመቶ 41 ሆኑ። ሦስቱ መስመሮች አብረው መጓዛቸው አንዱ ብቻውን ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም፤ ክትባቱም፣ መንገዱም፣ የእናቶች ትምህርትም አለበት። ግን አገልግሎቱን ይዛ በየቤቱ የሄደችው አንዲት ሰው ናት፤ ከ1995 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መርፌውንም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውንም፣ የሕፃኑን ክትባትም በአንድ ጉዞ አድርሳለች። በባንግላዴሽ የማትላብ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ አገልግሎቱ በየቤቱ የደረሰባቸውንና ያልደረሰባቸውን መንደሮች ያነጻጸሩ ተመራማሪዎችም በደረሰባቸው እናቶች ጥቂት ልጅ እንደወለዱ፣ ልጆቻቸውም በተሻለ ሁኔታ እንዳደጉ አይተዋል።

ይህን ስናገር ቻይናንና ሕንድን የምታስቡ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ በሕዝብ ቁጥር ስም ብዙ ግፍ ተፈጽሟል። ሕንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977፣ በአንድ ዓመት 8 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን፣ ብዙዎቹን በግዳጅ፣ አመከነች፤ ኢንድራ ጋንዲም በምርጫ ወደቀች፤ የቤተሰብ ምጣኔ ስሙ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ግዴታው ከበደሉ በላይ አላስፈላጊም ነበር። በ1992ቱ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ከሁለት ልጅ በታች ነበር፤ ማንም አላስገደዳትም። ዘግይታ አገባች፣ ተማረች፣ የቤት ኪራይ አሳሰባት፤ ይህ የመጨረሻው ምክንያት የሚያኮራ እንዳልሆነ አልክድም። በ2008 ጥናት በአገር ደረጃ አማካዩ 4.6 ልጅ ሲሆን በሶማሌ ክልል ከ7 ይበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት ከመቶ ባለትዳር ሴቶች 22ቱ ልጅ ማራራቅ ወይም ማቆም ፈልገው መከላከያ ያላገኙ ነበሩ። ክርክራችን ሴቶችን ስለ ማሳመን ሲሆን እነዚህ 22ቱ ይረሳሉ፤ እነርሱ አስቀድመው ወስነዋል፤ የቀረው የእኛ ሥራ ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለውን አባባል መናቅ አይገባም። ከአምስት ልጆች አንዱ ወይም ሁለቱ በሚሞቱበት ዘመን፣ ጡረታ በሌለበት ቤት፣ ብዙ መውለድ ሥሌት ያለው ውሳኔ ነበር። ሥሌቱ የሚለወጠው በስብከት ሳይሆን ልጆች መሞት ሲያቆሙ ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው አኃዞችም ይህንኑ ይናገራሉ። ሌላው ተቃውሞ ምድርን ያጠፉት ሀብታሞች ናቸው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አንድ አሜሪካዊ በዓመት ወደ 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስወጣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ከሩብ ቶን በታች ነው። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የኢትዮጵያን እናት መውቀስ ነውር ነው። የኩበቱና የሐሮማያ ነገር ግን ከአየር ንብረቱ ክስ የተለየ ነው፤ የሌላው ጥፋት የእኛን አፈር አያስቀርልንም። ወጣት ሕዝብ ሀብት ነው የሚሉትንም እቀበላለሁ፤ ሆኖም ሀብት የሚሆነው የሠራተኛው ቁጥር ከሚጦረው ሕፃን ቁጥር ሲበልጥና ሥራ ሲኖር ነው። ደቡብ ኮሪያ ይህን ዕድል ያገኘችው ውልደቷ ፈጥኖ ከወረደ በኋላ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ከልክ በላይ ወርዶ ተቸግራለች።

ከሁሉም ይልቅ የሚከብደውና በአደባባይ ብዙ የማይነገረው ተቃውሞ ፖለቲካዊ ነው። በጀት፣ የምክር ቤት ወንበርና የክልል ክብደት በሕዝብ ቁጥር በሚሰላበት አገር «እኛ ስንቀንስ እነርሱ ይበዛሉ» የሚል ሥጋት በየቤቱ ይሹለከለካል። ይህ ሥጋት በሚያዝያ 1985 የወጣውን ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ከክሊኒክ ጉዳይ ወደ ጎሳ ጉዳይ ሊለውጠው ይችላል። መድኃኒቱ ምክር አይመስለኝም፤ የገንዘብ ቀመሩን ከራስ ቆጠራ ይልቅ ወደ አገልግሎት ጉድለት ማስጠጋት፣ ቆጠራውንም ሁሉም የሚያምነው ማድረግ ነው። የ1999 ውጤት በምክር ቤት ሳይቀር አከራክሯል። በ2010 ሊካሄድ የታቀደው አራተኛው ቆጠራ ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ ወደ አንድ ወረዳ የሚላከው ክትባትና መከላከያ የሚሰላው ከ1999 ተነሥቶ በተሠራ ትንበያ ነው። ሰው በብዛት በገባበት ወረዳ መድኃኒቱ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ ትንበያው ባነሰበት ቦታ ደግሞ ከታቀዱት ሕፃናት ከመቶ መቶ አሥሩ ተከተቡ የሚል ሪፖርት ወደ ዞን ይላካል፤ ዞኑም ተቀብሎ ወደ ክልል ያሳልፈዋል።